ከእናት በኋላ እናት፦ ኡሙ አይመን በረካ (ረ.ዐ)



ለዚህ እትም የማንን ሕይወት እናውሳ ብለን ከዙህር ሶላት በኋላ ስንመክር እንደ ወትሮው የኻሊድ፣ የሰላሑዲን፣ የኢማሙ ሻፊዒይ ስም ተጠራ። ሁሉም ደግ ነው። ከመካከላችን አንዲት የአንደኛ ዓመት እህት ግን፣ ከሐበሻ ምድር የወጡ ሰዎች በተነሱ ቁጥር ቢላልና ነጃሺ ላይ ለምን እንደምናቆም ጠየቀችን። ዝም አልን። መድረሳ ለዓመታት የቀራን ሦስት ልጆች እዚያው ተቀምጠን ነበር። የሦስታችንም እውቀት ስለ ኡሙ አይመን አንድ መስመር ነበር፦ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገች ሐበሻዊት። ከዚያ ወዲያ ስላለው ሕይወቷ ብንጠየቅ መልስ አልነበረንም።

ነገሩ የከነከነን ግን በሌላም ምክንያት ነው። ከግቢው በር ውጪ ሻይ የምትሸጥልንን እህት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጅዳ ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። በዚያው ሳምንት ሻይ እየጠጣን ሳለ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ፤ እዚያ ያሳደገችው ልጅ ነው። አሰማችን። ዐረብኛችን የመድረሳ ስለሆነ የልጁን የጅዳ አነጋገር በቅጡ አልተከታተልነውም፤ እሷ ናት እየሳቀች የተረጎመችልን። ፈተና ማለፉን ሊነግራት ነው የደወለው። እየሳቀች ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ቶሎ ብላ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

በቦሌና በአካባቢው ላደግን ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገርጂም፣ ሰሚትም፣ ጎሮም ብትሉ ዐረብ አገር የሄደች ልጅ የሌላት ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። ዘመድ ለመሸኘት ቦሌ ኤርፖርት የሄደ ሁሉ ያያቸዋል፤ ሰነዳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ከፊት ያለችውን እየተከተሉ የሚሰለፉ ወጣት እህቶች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ ሰፈራችን ብርድ ልብስና ልብስ ይሰበስብ እንደነበር እናስታውሳለን። ሐበሻዊት ሴት በዐረብ ቤት የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራለች። ከእነዚያ ሁሉ መሐል ግን ከአንድ ሺህ አራት መቶ ዓመት በኋላም በስሟ የምናውቃት አንዲት አለች።

አንድ ነገር አስቀድመን እናሳውቅ። እንዲህ ላለች ታላቅ ሴት አንቱ ማለት ይገባን ነበር። ጽሑፉን ስንጀምር እንደዚያው ሞክረን ነበር፤ ግን ገዛ እናታችንን አንቺ ብለን አድገን እሷን አንቱ ማለት አራቃት። ስለዚህ እሷንም፣ ባሏንም፣ ልጆቿንም እንደ ቤተሰብ ነው የምንጠራቸው። አላህ ሁሉንም ይውደድላቸው።

ስሟ በረካ ነው፤ የሠዕለባ ልጅ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባት የዐብዱላህ ባሪያ ነበረች። ዐብዱላህ ለንግድ ወጥተው ሲመለሱ የስሪብ ላይ ታመው ሞቱ፤ ያቺ የስሪብ ኋላ መዲና የተባለችው ናት። ባለቤታቸው አሚና በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ወጣቱ ሟች የተዉት ውርስ ጥቂት ነበር፤ አምስት ግመል፣ ጥቂት በግና በረካ። የታሪክ ጸሐፊዎች ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘረዝሯቸዋል፤ እንስሳው ተቆጥሮ ሰውም ተቆጥራ። እኛም እዚህ ላይ ስንደርስ ማንበባችንን አቆምን። ሰው በጎሳው በሚከበርበት ከተማ ጎሳም ወንድምም የሌላት ወጣት፣ ከውርስ ዕቃ ጋር ወደ አንዲት መበለት እጅ ተላለፈች።

ሕፃኑ እ.ኤ.አ. በ570 ገደማ ሲወለድ በዚያ ቤት የነበሩት እናቱና በረካ ናቸው። እንደ መካ ልማድ ለጡት ወደ በረሃ፣ ወደ በኒ ሰዕድ ጎሳዋ ወደ ሐሊማ ተላከ፤ ከዓመታት በኋላም ወደ እናቱ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሲሞላው አሚና ልጃቸውን ይዘው የስሪብ ያሉትን የአያቱን ወገኖች ለመጠየቅ ተነሱ። በረካም አብራ ነበረች፤ ሁለት ግመል ይዘው ሄዱ። አንድ ወር ያህል እዚያ ቆዩ።

በመልሱ ጉዞ አብዋእ የምትባል ቦታ ላይ ሲደርሱ አሚና ታመሙ፤ እዚያው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። አሁን ይህን ትዕይንት ቆም ብላችሁ አስቡት። መካ ለመድረስ ከ200 ኪሎ ሜትር የማያንስ በረሃ ቀርቷል፤ ከቦሌ ተነስቶ አዳማ ደርሶ የመመለስን ያህል፣ ግን በግመል፣ ያለ ጥላ። የስድስት ዓመት ልጅ የእናቱ መቃብር አጠገብ ቆሟል። አባቱን አይቶ አያውቅም፤ እናቱን አሁን አጣ። ከጎኑ ያለችው ሰው አንዲት ወጣት ባሪያ ብቻ ናት። ያችን ሌሊት ምን ብላ እንዳባበለችው አልተጻፈም። የተጻፈው ሁለቱን ግመሎች ይዛ ልጁን በደህና መካ ማስገባቷና ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብ ማስረከቧ ነው። ከነቢያት መደምደሚያ ጋር ያንን መንገድ ብቻዋን ተጓዘች፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ለእሷ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነበር።

አያትየው ልጁን እጅግ ይወዱት ነበር፤ በረካንም ከዓይኗ እንዳታርቀው ደጋግመው ያሳስቧት ነበር። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ እሳቸውም ሞቱ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከአያቱ አስከሬን ኋላ ሲያለቅስ ማየቷን የተረከችው እሷው ናት። ከዚያ ወደ አጎቱ ወደ አቡ ጧሊብ ቤት ተዛወረ። አባት፣ እናት፣ አያት እያሉ አንድ በአንድ ሄዱ፤ በረካ አልሄደችም። አሳዳጊነት በአብዛኛው ይሄ ይመስለናል። ለታሪክ የሚሆን ነገር የለውም፤ ምግብ ማቅረብ፣ ልብስ ማጠብ፣ ማታ በር መዝጋት፣ ነገም እዚያው መገኘት ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በረካን ነፃ አወጧት። ይህ ከነቢይነት 15 ዓመት በፊት መሆኑ ይታሰብ፤ ገና ወሕይ አልወረደም። ከየስሪብ የመጣ ዑበይድ የሚባል የኸዝረጅ ሰው አገባት። አይመን ተወለደ፤ ኡሙ አይመን፣ የአይመን እናት የሚለው ስም የተገኘው ከዚያ ነው። ከዚህ በኋላ እኛም በዚሁ እንጠራታለን። ባሏ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ እሷም ልጇን ይዛ ወደምታውቀው ቤት ተመለሰች።

እ.ኤ.አ. በ610 ወሕይ ሲጀምር ቀድመው ካመኑት መሐል ነበረች። ይህን አንዳንዴ በቀላሉ እናልፈዋለን። አንድን ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገ ሰው በሌሎች ፊት የሚሸፈነውን ሁሉ ያያል፤ ሲርበው፣ ሲቆጣ፣ ሲታመም። እንዲህ የምታውቀው ሴት ያለ ማመንታት ስታምነው፣ ይህ ለእኛ ከብዙ ማስረጃ ይበልጥብናል።

መበለት ሆና ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን፣ ከጀነት ሴቶች አንዷን ማግባት የሚሻ ኡሙ አይመንን እንዲያገባ አነሳሷቸው። እሷ ወጣትነቷን አልፋለች፤ ሀብት የላትም። የተነሳው ዘይድ ኢብን ሓሪሣ ነበር። ዘይድ ራሱ በልጅነቱ ከእናቱ ጉያ ተነጥቆ ዑካዝ ገበያ ላይ የተሸጠ፣ ኋላ አባቱና አጎቱ ሊወስዱት ሲመጡ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር መቅረትን የመረጠ ልጅ ነው። ሁለት ከአገራቸው የተነቀሉ ሰዎች አንድ ጎጆ ሠሩ። ከዚያ ጎጆ ኡሳማ ተወለደ።

ኡሳማ መልኩ የእናቱ ነው፤ ጥቁር። አባቱ ዘይድ ቀላ ያለ ነበር። ሰው መቼም ሰው ነውና፣ ልጁ የዘይድ አይደለም የሚል ሐሜት ተነሳ። በዚያ ዘመን የሰውን እግርና ቅርጽ አይቶ ዝምድናን የሚለይ፣ ቃሉ የሚከበር አዋቂ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ሸፍነው እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳለ ሰውየው አለፈ፤ ማን መሆናቸውን ሳያውቅ እግሮቹ የአንድ ዘር መሆናቸውን መሰከረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው በደስታ እያበራ ወደ ቤት ገብተው ነገሩን ለዓኢሻ (ረ.ዐ) አወሩ። እሳቸውማ መጀመሪያም አልተጠራጠሩም። የተደሰቱት ሐሜተኛው አፍ ስለተዘጋና የኡሙ አይመን ክብር ሐሜተኞቹ ራሳቸው በሚያምኑት ሰው አፍ ስለተመለሰ ነው። በመልኳ ምክንያት ክብሯ የተነካባት እህት ያለችን ሁሉ ይህ ታሪክ ሊርቀን አይገባም።

ሂጅራ ሲመጣ እሷም ወጣች። ኢብን ሰዕድ በመዘገቡት መሠረት በመንገድ ላይ ፆመኛ ነበረች፤ ውሃ የላትም፤ ጥሙ ሊገድላት ደረሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ ነጭ ገመድ ያለው ባልዲ ከሰማይ ወርዶላት እስክትረካ ጠጣች። ከዚያ ወዲህ በጠራራ ፀሐይ ብትፆም እንኳ እንደማይጠማት ትናገር ነበር። ከመካ መዲና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አብዋእም በዚያው በሁለቱ ከተሞች መካከል ናት።

መዲና ላይ የነበራት ሕይወት ብዙ ጊዜ የምንረሳቸው፣ ግን በጣም ደስ ያሰኙን ታሪኮች አሉት። አንደበቷ ዐረብኛን ሙሉ ለሙሉ አልተገራም ነበር። ሰላምታ ስትሰጥ ቃሉ ምላሷ ላይ እየተጠማዘዘ፣ ሰላም ይሁንላችሁ ልትል ብላ ሰላም አይሁንላችሁ ወደሚለው ይጠጋባት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላረሟትም፣ አላፌዙባትም፤ ሰላም የሚለውን አንዱን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት። መድረሳ ውስጥ ዐይንና ሓእ ከጉሮሯችን አልወጣ ብለው በአርጩሜ የተገረፍን ልጆች ይህን ስናነብ እርስ በርስ ተያየን።

ሌላ ጊዜ የምትጓዝበት እንስሳ ፈልጋ መጣች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግመል ልጅ ላይ እንደሚያሳፍሯት ነገሯት። እሷም የግመል ግልገል እኔን ይሸከማል ወይ ብላ ተከራከረች። የቀልዱ ፍቺ ማንኛውም ግመል የግመል ልጅ መሆኑ ነው። እንዲህ የሚቀለደው ከቤት ሰው ጋር ነው። እሷም እንደ ቤት ሰው ነበረች፤ ያቀረበችላቸውን መጠጥ ሳይጠጡ ሲቀሩ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታጉረመርምባቸው ነበር። ከሰሃባዎች መሐል ማን ይህን ይደፍራል? ልጁ ስላልበላላት የምትነጫነጭ እናት ብቻ።

ከሁሉ የሚበልጥብን ግን የተምር ዛፎቹ ነገር ነው። ሙሃጂሮች ባዶ እጃቸውን መዲና ሲገቡ አንሷሮች ከተምር ዛፎቻቸው ለፍሬው እንዲጠቀሙ ሰጥተዋቸው ነበር። የአነስ ኢብን ማሊክ ቤተሰብ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡትን ዛፎች እሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጧት። ከኸይበር በኋላ ሙሃጂሮች ራሳቸውን ሲችሉ ዛፎቹ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ ጀመር። አነስ ቤተሰቡ ልኮት መጣ። ኡሙ አይመን በአነስ አንገት ላይ ልብሱን ጠምጥማ ያዘችው፤ በአላህ ምላም እንደማትመልስ ተናገረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በምትኩ ይህን ያህል ልስጥሽ አሏት፤ እምቢ። ጨመሩ፤ እምቢ። እየጨመሩ እየጨመሩ ዐሥር እጥፍ ወይም ለዚያ የተጠጋ ሲደርሱ ተስማማች። የአገር መሪ ናቸው፤ ነገሩ በሕግ ግልጽ ነው፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን የአንዲት አሮጊት ሐበሻዊትን ልብ ሳይሰብሩ ነገሩን ለመፍታት የራሳቸውን ከፈሉ። በግመልና በበግ መሐል የተቆጠረችው ያቺው ሴት አሁን የራሷ ነው ያለችውን አልለቅም ብላ ከነቢይ ጋር ትከራከራለች፤ ነቢዩም ይሰሟታል።

ማኅበረሰቡን ያገለገለችውም በቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ዕለት ወደ ጦር ሜዳ ወጥታ ውሃ ታጠጣ፣ ቁስለኛ ታክም ነበር። ሰልፉ ተፈትቶ ወንዶች ወደ ከተማ ሲሸሹ አፈር እያነሳች ፊታቸው ላይ ትበትን ጀመር፤ እንዝርቱን እናንተ ያዙና ፈትሉ፣ ሰይፉን ለእኔ ስጡኝ ዓይነት ነገር እየተናገረች። ከጠላት ወገን አንዱ ቀስት ወርውሮ ጣላት፤ ልብሷ ተገልጦ ሲያይ ሳቀባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህ ከብዷቸው ለሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ቀስት ሰጡት፤ ሰዕድም ሰውየውን መትቶ ጣለው።

የበኩር ልጇ የአይመን ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ኸይበር ሲዘመት እሷ ሄደች፤ አይመን ቀረ። ፈረሱ ታሞበት ነበር። እናት ግን አልተቀበለችውም፤ ፈሪ ብላ ዘለፈችው። ገጣሚው ሐሳን ኢብን ሣቢት ለአይመን ጥብቅና ቆመው ምክንያቱን በግጥም እስከማስረዳት ደረሱ። እኛ እንደምናስበው ያ ቃል አይመንን ሳይቆረቁረው አልቀረም።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በጁማደል ኡላ ወር ባሏ ዘይድ በሙእታ የጦሩን ዓርማ እንደያዘ ሸሂድ ሆነ። አምስት ወር ቆይቶ፣ በሸዋል፣ የሑነይን ጦርነት ተደረገ። ሠራዊቱ በድንገተኛ ጥቃት ሲበተን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጎን ጸንተው ከቆሙት ጥቂቶች አንዱ አይመን ነበር። እዚያው ወደቀ። ባልና የበኩር ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ። የስሟ መጠሪያ የሆነው ልጅ ሞተ፤ ስሙ ግን በእሷ ላይ ቀረ፤ የጠራት ሁሉ ሳያስበው እሱን ይጠራል።

የቀራት ኡሳማ ነው። ኡሳማን ያሳደጉት እሷና ዘይድ ብቻ አልነበሩም፤ ያሳደገችው ልጅ የእሷን ልጅ መልሶ አሳደገላት። ኡሳማ ሕፃን ሳለ ደጃፍ ላይ ወድቆ ግንባሩ ሲቆስል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደሙን በራሳቸው አጸዱለት። የልጅ ልጃቸውን ሐሰንን በአንድ ጭናቸው፣ ኡሳማን በሌላው አስቀምጠው አላህ እንዲወዳቸው ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር። ሲጎለምስ ከኋላቸው ያፈናጥጡት ነበር፤ በመሰናበቻው ሐጅ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ ሲወርዱ ከኋላቸው የነበረው ኡሳማ ነው። መካ በተከፈተች ዕለት ከዕባ ውስጥ አብረዋቸው ከገቡት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ቢላልና ኡሳማ ነበሩ።

ይህ ፍቅር ግን ማባበል አልነበረም። ኡሳማ በአንድ ዘመቻ ላይ ሸሃዳ የተናገረን ሰው ሰይፍ ፈርቶ ነው ብሎ ሲገድል የደረሰበት ተግሣጽ እጅግ የከበደ ከመሆኑ የተነሳ፣ ምነው ከዚያ ቀን በፊት ባልሰለምኩ ብሎ እስከመመኘት ደርሷል። የሰረቀች የትልቅ ጎሳ ሴት ከቅጣት እንድትድን አማላጅ አድርገው ሲልኩትም፣ የሚወደድ ነውና ይሰሙታል ብለው ነበር፤ እሱንም ገሠጹት። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ሻም የሚዘምት ጦር ሲሰናዳ አዛዥ አድርገው የሾሙት ያንኑ ኡሳማን ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 20 ነበር፤ በሥሩ እነ ዑመርን (ረ.ዐ) የመሰሉ ታላላቆች ነበሩ። ሰዎች በልጅነቱ አጉረመረሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ታመው ሳለ ወጥተው ሹመቱ እንደሚገባው አስረዱ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እንናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሮ አካባቢ ላሉ ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ የምናስጠናው ቡድን በዚህ ሴሚስተር ተዳክሟል። ፈተና ሲቀርብ ከመካከላችን የሚመጣው እየቀነሰ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ሠላሳ ልጅ ቁጭ ብሎ አስጠኚ ሁለት ብቻ ነበር። የአንደኛ ዓመት ልጆች እናግዝ ሲሉ ደግሞ ገና ናችሁ ብለን የመለስን እኛው ነን። የኡሳማን ዕድሜ ስናነብ ያፈርነው ለዚህ ነው፤ ጦር የተሰጠው በእነሱ ዕድሜ ነው፤ እኛ የኪታብ ክፍሉን ቁልፍ እንኳ አላመንናቸውም። ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ የሚመጡት ከእኛ ጋር ይገባሉ።

ጦሩ ከመዲና ወጣ ብሎ ጁርፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕመም ጠና። ነፍሳቸው ልትወጣ መቃረቧን ለኡሳማ ልካ ያስነገረችው እናቱ ናት። አብዋእ ላይ እጁን የያዘችው ልጅ አሁን 63 ዓመቱ ነው፤ እሷ ዛሬም በሕይወት አለች። አሳድጋ የቀበረች እናት ናት። ኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ጦሩን ሲሸኙ ኡሳማ ፈረስ ላይ ሆኖ እሳቸው በእግራቸው ከጎኑ ሄዱ። ዑመርም (ረ.ዐ) ለአማካሪነት መዲና እንዲቀሩላቸው ወጣቱን አዛዥ አስፈቀዱ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕይወት ሳሉ ኡሙ አይመንን እየሄዱ ይጠይቋት ነበር፤ ከእናታቸው በኋላ እናታቸው፣ ከቤተሰባቸውም የቀረችላቸው መሆኗን ይናገሩላት ነበር። ስለዚህ እሳቸው ካረፉ በኋላ አቡበክር ዑመርን አስከትለው፣ እሳቸው ይጠይቋት እንደነበር እኛም እንጠይቃት ብለው ሄዱ። ገና ሲደርሱ አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው እንደሚሻል እያነሱ ሊያጽናኗት ሞከሩ። እሷ ግን ይህን ሳታውቅ ቀርታ እንዳልሆነ፣ የምታለቅሰው ወሕይ ከሰማይ መውረዱ ስለተቋረጠ መሆኑን ነገረቻቸው። ሊያጽናኑ የመጡት ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው አብረዋት አለቀሱ።

ዑመር ኸሊፋ ሆነው የድጎማ መዝገብ ሲያሠሩ ለኡሳማ 3 ሺህ 500፣ ለገዛ ልጃቸው ለዐብዱላህ 3 ሺህ መደቡ። ልጃቸው ሲጠይቅ፣ የኡሳማ አባት ከእሳቸው ይልቅ፣ ኡሳማም ከእሱ ይልቅ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ የተወደዱ እንደነበሩ ነገሩት።

ኡሙ አይመን እስከ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን መጀመሪያ እንደኖረች ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። በዚያ ዘመን መዲና ላይ የተምር ዛፍ ተወድዶ የአንዱ ዋጋ አንድ ሺህ ዲርሃም ደርሶ ነበር። ኡሳማ አንዱን ዛፍ ሄዶ ቆረጠ፤ ከግንዱ አናት ያለውን ለስላሳ ነጭ ልብ አወጣ። ይህ ልብ ከወጣ ዛፉ ይሞታል፤ ዳግመኛ አያፈራም። ሰዎች ዋጋው እንዲህ በናረበት ጊዜ ምን ነካህ ብለው ጠየቁት። እናቱ እንዳማራት፣ እሱም የሚችለውን ነገር ጠይቃው እንደማይከለክላት ነገራቸው፤ ይዞላትም ሄደ።